እትዬ የጠበቀቻት ክፍል

አክስቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከፊት ለፊቱ ክፍል መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ኖራለች። ሰው ሲያናግራት አራት አምስት ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች ስለምትመልስ ለማያውቃት ሁልጊዜ የተቆጣች ትመስላለች። እሷ እንኳን ልትቆጣ፣ ቁጣ እንዴት እንደሚጀመርም አታውቅም። የቤቱ ቁጡ እኔ ነኝ። እሷ ስፒሎቿን አውጥታ ስትስቅ ሳቋ ከመንገድ ማዶ ይሰማል።

እኔ እትዬ እላታለሁ። የሰፈሩ ሰው ግን ዞር ስትል «ባለቁልፏ» ነው የሚላት። አንገቷ ላይ በጥቁር ክር ያሰረችው ቁልፍ አለ። ጨርቅ ለመቁረጥ ስታጎነብስ ከደረቷ ሾልኮ ይወጣል፤ ቀና ስትል መልሳ ትሸሽገዋለች። ቁልፉ ፎቁ ላይ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለችው ክፍል ቁልፍ ነው። ያቺ ክፍል ሴት አያቴ ከሞተች ጀምሮ ድፍን ሃያ ስድስት ዓመት አልተከፈተችም።

ቤቱም ቢሆን ወሬ የሚጠራ ቤት ነው። ደረጃው የእንጨት ነው፤ አሥራ ሰባት መርገጫ አለው፤ እያንዳንዱ በየራሱ ድምፅ ያቃስታል። መሃል ላይ የወንድ አያቴ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ባለ ሙሉ ሪዝ፣ ግንባረ ሰፊ፣ ጆሮው ወደ ውጭ የቆመ ሰውዬ። ዓይኑ የሚያልፈውን ሰው ይከተላል ይባላል። እኔ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን አልተከተለኝም። ከተዘጋችው ክፍል ደግሞ ድሮ የሴት ለቅሶ ይሰማ ነበር ብለው የሚምሉ ጎረቤት አሉ፤ «ግደለኝ እንጂ አልናገርም!» የሚል። የሰፈሩ ልጆች ኳሳቸው ግቢያችን ከገባ፣ ኳሷን ይተዋታል እንጂ በሩን አያንኳኩም። አሁን አሥራ አራት ኳስ አለን።

በቤቱ የሚኖሩት ሁለት ወንድምና እህት ናቸው። እትዬ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ስልሳ አንድ ሞልቶታል፤ የባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ጡረታ ወጥቷል። ሁለቱም አላገቡም። እናቴ የእነሱ ታናሽ ናት፤ ገና በልጅነቷ ትዳር ይዛ ሌላ ከተማ ስለገባች እኔ ያደግሁት ከዚያ ቤት ርቄ ነው። ሥራ አግኝቼ ከእነሱ ጋር መኖር ስጀምር የቤቱን ሕግ አላውቅም ነበር።

ሕጉን የተማርኩት በመጀመሪያው ሳምንት ምሳ ላይ ነው። «ያቺ ክፍል ውስጥ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። የእትዬ ማንኪያ አየር ላይ ቆመ። ጋሼ ኮርኒሱን አዲስ እንደተሠራ ነገር ያየው ጀመር። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠራረገና፣

«የሚነገር ከሆነ ይነገርሻል» አለኝ።

ይህቺ የሴት አያቴ ቃል ናት። ልጆቿን ያሳደገችው እንዲህ ነው፤ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር ነው ብላ። የሚነገር ከሆነ ይነገራችኋል፤ ካልተነገራችሁ አይመለከታችሁም። እነሱም ሕጉን አክብረው ሸበቱ። ጋሼ አንድ ጊዜ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ አንድ ወር ሲዞር እትዬ ምን ሆነህ አላለችውም፤ ዝም ብላ ሥጋውን በትንንሹ እየቆረጠች ታቀርብለት ነበር። ፍቅሩ ሞልቶ የተረፈ ነው። የጠፋው ጥያቄው ነው።

ጋሼ ጠዋት ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ ሪዙን አስተካክሎ ሲያበቃ ወደ ፎቅ ይወጣል። የተዘጋችውን በር እጀታ ሁለት ጊዜ ይነቀንቅና ይወርዳል። «ምስጥ እንዳይገባበት ነው» ይላል። ከሰዓት በኋላ እትዬ ጨርቅ ይዛ ትወጣለች። እሷም እጀታውን ትነቀንቃለች። «አቧራ ነው» ትላለች። እኔ ውስጤ እያረረ ታች እቀመጣለሁ።

አሁን ሰዓት ሠሪውን ላስተዋውቃችሁ።

ሰዓት ሠሪው ከዋናው መንገድ ላይ ጠባብ ሱቅ ያላቸው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው የሚሄዱ የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ፀሐይ የሰዓቶቹን ፊት አደበዘዘብኝ ብለው እትዬን መጋረጃ አዘዟት። መስኮቱን ለክታ ሰፋችላቸው። በሁለተኛው ወር ሌላ አዘዙ፤ ቀለሙ አልተስማማም ብለው። ከዚያ ሌላ፤ ከዚያም ሌላ። እስካሁን አንድ መስኮት ላለው ሱቅ አሥራ አንድ መጋረጃ ሰፍታላቸዋለች። አሥራ አንደኛውን ስታደርስ ምሳ ጋበዘቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ይመጣሉ። እንግዲህ ስንት ዓመት ሙሉ ከጋሼ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲበሉ፣ ጋሼ እኚህ ሰው ማን ናቸው፣ ለምንስ ይመጣሉ ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀም። ወጥ ያቀብላቸዋል፤ ስለ ባቡር ያጫውታቸዋል፤ እስከ በር ይሸኛቸዋል።

ሦስት ጊዜ ላግባሽ ብለዋታል። «ላግባዎት» ነው ያሉት እንጂ፤ እስከ ዛሬ እርስዎ እንደተባባሉ ነው። ሦስቱንም ጊዜ እምቢ ብላቸዋለች። ይህን የነገረችኝ እኔ ስለጠየቅኋት ነው። ስፒሎቿን ከአፏ አውጥታ አንድ በአንድ የስፒል ትራሷ ላይ ሰካችና፣

«እወዳቸዋለሁ» አለችኝ። «ግን ቤቱን ጥዬ መውጣት አልችልም። እማማ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ፣ ያቺን ክፍል አደራ፣ ማንም እንዳይገባባት፣ አንቺም ብትሆኚ አለችኝ።»

«እሺ እሳቸው ለምን እዚህ አይገቡም?»

«ብለውኛል እኮ። አይሆንም። አንድ ቀን በሩን ያያሉ። ሰዓት ሠሪ ደግሞ የተዘጋ ነገር አይቶ አያልፍም፤ መክፈት ሥራቸው ነው።»

«ውስጡ ያለው ነገር ከትዳርሽ ይበልጣል?»

ስፒሎቹን መልሳ በከንፈሯ ያዘች። በሷ ቤት ጨዋታው አበቃ ማለት ነው።

ባለፈው እሁድ ሰዓት ሠሪው ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። እትዬ በር ላይ ስትሸኛቸው እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ዓይናቸው ደክሞ የሰዓቶቹን ትንንሽ ጥርሶች ማየት አቅቷቸዋል፤ ሱቁን ዘግተው ወንድማቸው ጋ፣ ሩቅ ከተማ ሊኖሩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይሄዳሉ። «አራተኛ አልጠይቅዎትም» አሉ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ፤ «ሦስቴ ማስቸገሬም ይበቃል።» እትዬ ቆማ ቀረች። ሰኞ የአንድ ደንበኛ መጋረጃ ስትሰፋ አበቦቹን ቁልቁል ዘቅዝቃ ሰፋቻቸው። እንዲህ ያለ ስሕተት በሕይወቷ ሠርታ አታውቅም። እኔ ንዴቴ አላስችል ብሎኝ ግቢ ወጥቼ ካሉን ኳሶች አንዷን አጥር ላይ በእርግጫ አነጠርኳት።

ማክሰኞና ረቡዕ ዝናብ ጣለ። እንዲህ ዓይነት ዝናብ ለአሮጌ ቤት አያዝንም። ሐሙስ ጠዋት ከፎቁ ኮሪደር ጫፍ ውኃ መንጠባጠብ ሲጀምር ጣሪያ ሠሪ ጠራሁ። ወጣት ነው፤ ሱሪው ላይ ሬንጅ የደረቀበት፣ ፈገግታው የማይጠፋ። መሰላሉን አስደግፎ ወጣ፣ ቆርቆሮውን ከላይ ሲረግጥ ሰማነው፣ ወረደ።

«ዳር ያለችዋ ክፍል ላይ ቆርቆሮው ዝጎ አልቋል» አለ። «ችግሩ ቆርቆሮው አይደለም፤ ማገሩ በስብሷል። ከውስጥ ገብቼ ሳልደግፈው ከላይ ከረገጥኩት ይወርዳል። በሩን ክፈቱልኝ።»

እትዬና ጋሼ እኩል ተነሡ። በዚያ ዕድሜያቸው አሥራ ሰባቱን ደረጃ እንዴት እንደሮጡት እስካሁን ይገርመኛል። እኔና ጣሪያ ሠሪው ስንደርስ ሁለቱም ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል።

«አይከፈትም» አለች እትዬ።

«አይከፈትም» አለ ጋሼ።

«እናቴ፣ አባቴ» አለ ጣሪያ ሠሪው፣ «እኔ ካልገባሁ ጣሪያው ራሱ ይገባል።»

«ይግባ!» አሉ እኩል። ከዚያ ተያዩ። እትዬ ወንድሟ ክፍሏን እንደሚጠብቅ እስከዚያች ደቂቃ አታውቅም ነበር፤ እሱም ስለሷ እንደዚያው። ሁለቱም ጥያቄያቸው ጉሮሯቸው ላይ ደርሶ ሲመለስ በዓይኔ አየሁት። የእኔ ትዕግሥትም እዚያ ላይ አለቀች።

«ስሙኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «እናንተ አትጠያየቁም፤ እኔ ግን የዚህ ቤት አሳዳጊ አላሳደገኝም፤ እጠይቃለሁ። ጋሼ፣ አንተ ለምንድን ነው የማይከፈተው የምትለው? ካልተናገርክ በሩን በመዶሻ ነው የምለው!»

ጣሪያ ሠሪው ባልዲውን ደፍቶ ቁጭ አለበት። ሊሄድ አላሰበም።

 ጋሼ ፊቱን ወደ እህቱ አዞረ።

«የእማማን ስም ብዬ ነው» አለ። «አንቺ እንዳትሰሚ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። አባባ ሊሞት አንድ ወር ሲቀረው። በዚህ በር ሳልፍ እማማ ውስጥ ሆና ስትናገር ሰማኋት። ‹መርዙን ሻዩ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ› አለች። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። እዚያ ውስጥ ምን እንደተደበቀ አላውቅም። ማንም እንዳያገኘው ግን ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።»

«ምን?» አለች እትዬ። እንደሚመስለኝ በዚያ ቤት ባደገ ሰው አፍ የተጠየቀች የመጀመሪያዋ ጥያቄ እሷ ናት። ግድግዳውን ይዛ ቆመች። «አባባ በልብ በሽታ ነው የሞተው! ሐኪሙ አጠገቡ ነበር!»

«እሱንማ ሐኪሙ ነው ያለው።»

«እኔ የምጠብቀው አንተን ነበር» አለች እትዬ።  «አባባ ከሞተ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ። እማማ እዚህ ውስጥ ሆና ‹ልጁ ያንተ አይደለም! ሙት ሆነህ ብትመጣም አልነግርህም!› ስትል ሰማሁ። አባባን ነው የምታናግረው። የአባባን ሙት መንፈስ! በቤቱ ያለኸው ወንድ ልጅ አንተ ብቻ ነህ። አንተ ደግሞ አባባን እንዴት እንደምትወደው… ሪዝህን እንኳ እንደሱ ነው የምትቆርጠው። ወረቀት ይኖራል፣ ደብዳቤ ይኖራል፣ ያገኘዋል ብዬ ነው ዕድሜዬን ሙሉ…»

ጋሼ እጁን ወደ ሪዙ ሰደደ። ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ ወዳለው ፎቶግራፍ ተመለከተ። ሁላችንም ተመለከትን። ያው ግንባር፣ ያው ሪዝ፣ ያው ወደ ውጭ የቆመ ጆሮ። ሰው ሁሉ ቁርጥ አባቱ ነው ሲል እትዬ ለማስደሰት የሚሉት ይመስላት ነበር።

«እኔማ» አለ ጣሪያ ሠሪው ከባልዲው ላይ ሆኖ፣ «ስገባ የእርስዎ ፎቶ መስሎኝ ነበር፣ አባቴ።»

እትዬ ወንድሟንና ፎቶግራፉን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አፈራረቀች። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች። «እማማ፣ ይቅር በይኝ» አለች። «ጣሪያሽ ሊወድቅ ነው።» መቆለፊያው ዝጎ አስቸገረ፤ ጣሪያ ሠሪው ዘይት ጠብ አደረገበት፤ ተከፈተ።

ትንሽ ክፍል ናት። ሬሳ የለ፣ ብልቃጥ የለ። አንድ ጠረጴዛ፣ ትራስ ያለው አንድ ወንበር፣ አንድ ስኒ። መስኮቱ ላይ ጠርዙ የተጣመመ ቢጫ መጋረጃ ተሰቅሏል። «የኔ ናት!» አለች እትዬ፤ «የመጀመሪያ ሥራዬ! አሮጌ ጨርቅ ውስጥ ጣልኳት ብላኝ ነበር እኮ!» ውኃው የሚንጠባጠበው ከጠረጴዛው ጎን ነው። ከጠረጴዛው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አለ። ጣሪያ ሠሪው እንዳይርስ ብሎ ሳበውና ክዳኑን እኔ አነሣሁት። ደብተር ነው። ከጀርባቸው የማባዣ ሠንጠረዥ ያለባቸው አሥራ ዘጠኝ የተማሪ ደብተሮች፣ ከዳር እስከ ዳር በአያቴ ጽሕፈት የተሞሉ።

የመጀመሪያውን ገልጬ ጮክ ብዬ አነበብሁ። «ያ ቤት ሦስት ትውልድ የዋጠ ቤት ነበር። በመስኮቶቹ የሚያየው የለም፤ መስኮቶቹ ግን ሰውን ያዩ ነበር።»

አያቴ ልብ ወለድ ትጽፍ ነበር! የአሮጌ ቤት ታሪክ ነው፤ ጨካኝ ጌታ አለበት፣ ምድር ቤት የታሰረ ወንድም አለበት፣ ሻማ ይዛ በየኮሪደሩ የምትንከራተት ገረድ አለችበት፣ በየሦስት ገጹ ሰው ይሞታል። ሰባተኛው ደብተር ላይ ጋሼ ጣቱን አሳረፈ። «መርዙን የጨመረችው እኔ ነኝ» ተሰርዟል። «መርዙን ያስገባሁ እኔ ነበርኩ» ተሰርዟል። ከሥሩ ሌላ ተሰርዟል። አራተኛው ላይ፣ «‹መርዙን ሻዩ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ› አለች ገረዲቱ፣ ሻማውን ወደ ፊቷ አስጠግታ።» ጆሮዋ እስኪቀበለው ድረስ ደጋግማ በቃሏ ስትለው ኖሯል። የእትዬ ደግሞ አሥራ አንደኛው ደብተር ላይ ተገኘች፤ እመቤቲቱ ለባሏ ሙት መንፈስ የምትናገረው ነው። እትዬ ቢያንስ መንፈሱን በትክክል ሰምታለች።

እኔ መሳቅ ጀምሬ ነበር። ጋሼ ግን ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጇ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም» አለ። «እስክትሞት ድረስ፣ ሃያ ሁለት ዓመት። ‹ልጄ ሻይ አይወድም› እያለች ለሰው ታወራ ነበር። እኔ ሻይ እወዳለሁ። ሥራ ቦታ በቀን አምስት እጠጣ ነበር። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቀምሼላት ቢሆን!» እንደ ሕፃን አለቀሰ። እትዬም አጠገቡ ተቀምጣ ራሱን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። የእኔም ሳቅ ጠፋ። ጣሪያ ሠሪው ወደ ማገሩ ቀና ብሎ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«እማማ ምን ነበረበት ብትነግረን!» አለች እትዬ። ስትቆጣ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የመጨረሻውን ደብተር ከእጄ ነጥቃ ገለጠች፤ የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር አየች፤ አነበበችው። «ልጆቼ ይህን ቢያገኙት እስኪሞቱ ይስቁብኛል።»

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀው ጋሼ ነው፤ እንባው ሳይደርቅ። እትዬ ተከተለች፤ ያ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ሳቋ ክፍሏን ሞላት። እየሳቁ ያነባሉ፣ እያነበቡ ያለቅሳሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ። ጣሪያ ሠሪው ማገሩን ሲደግፍ ቆይቶ፣ «ምድር ቤት ያለው ወንድምስ ወጣ ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

 ከዚያ እትዬ ጠማማዋን መጋረጃ በጣቶቿ ያዘች።

«ቀኑን ሙሉ የእኛ ነበረች» አለች። «የአባባ፣ የእኛ፣ የእንግዳው፣ የጎረቤቱ። የራሷ የነበረችው ከሰዓት በኋላ እዚህ ዘግታ የምትቀመጥባት አንዷ ሰዓት ብቻ ናት። እኔ እስከ ዛሬ የጠበቅሁላት ያቺን ሰዓት ነው። ይሁን፣ አይቆጨኝም። የእኔን ግን ማን ጠበቀልኝ?»

ጋሼ ቀና አለ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ስልሳ አንድ ዓመት ያልሠራበትን ነገር ለመሥራት ሲታገል ማየት ልብ ይነካል።

«ያ እሁድ እሁድ የሚመጣው ሰውዬ» አለ በመጨረሻ፣ «ለግድግዳው ሰዓት አይደለም እንዴ የሚመጣው?»

«የግድግዳው ሰዓት ከቆመ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው!»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ለእኔ ነው። ሦስት ጊዜ ላግባዎት ብለውኛል። ከነገ ወዲያ ይሄዳሉ።»

«ትወጂዋለሽ?»

«በጣም።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?» አለ ጋሼ።

«መቼ ጠየቅከኝ?» አለችው።

ጋሼ ተነሣ። ሁለት እጇን ይዞ ከወለሉ አነሣትና፣ «ሂጂ» አላት። «እሮጣለሁ ብለሽ ደረጃው ላይ እንዳትወድቂ ብቻ።»

ቀሚሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ እንደተጣበቀ፣ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወጣች። እኔ ከኋላዋ እሮጣለሁ፤ ልደርስባት አልቻልኩም። ሰዓት ሠሪው ሱቃቸው ውስጥ መሰላል ላይ ወጥተው የመጨረሻውን ትልቅ ሰዓት ከግድግዳው ሲያወርዱ ደረስን። ሲያዩዋት ሰዓቱን እንዳቀፉ ቀሩ።

«ቦታ ካለዎት» አለች እትዬ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ቅዳሜ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

 ሰዓት ሠሪው መጀመሪያ የተናገሩት ደስ ብሎኛል አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመት የከለከላቸውን ነገር ነው።

«ቤቱስ?» አሉ።

«የአባቴ ልጅ አለበት» አለች እትዬ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እሳቸው ይህ መልስ ምኑ እንደሚያስለቅሳት አልገባቸውም። ሰዓቱን መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው ከመሰላሉ ወረዱና ወንበር ሳቡላት።